ጀርም ይሞታል፣ ብረት አይሞትም

(ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ከባድ ብረቶች በራዲዮ የቀረበ የጤና ትምህርት)

 

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ውሃ ነው። «ደግሞ ስለ ውሃ?» እንዳትሉኝ። ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ኮሌራ፣ ስለ ክሎሪንና እጅን በሳሙና ስለ መታጠብ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ያ ሁሉ ስለ ጀርም ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚገኝ መርዛማ ብረት ነው።

ቤት ለቤት ስንዞር እናቶች ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው ያነሱልናል። የመጀመሪያው «ውሃውን አፍልቼ ነው ለልጆቼ የምሰጠው፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ገበያ ላይ የሚሸጠው የውሃ ማጣሪያ ውስጡ እንደ ማሽላ ፍሬ ያለ ነገር አለው። ማንኛውንም መርዝ ያወጣል ይላሉ። ገንዘብ አጠራቅሜ ልግዛው ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ዛሬ ሁለቱንም እንመልሳለን። በዚህ ትምህርት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከባድ ብረት ማለት ምንድን ነው?

ከባድ ብረቶች የሚባሉት እንደ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ ወይም ባዚቃ፣ ክሮሚየምና መዳብ ያሉት ናቸው። አርሰኒክ በትክክል ብረት ባይባልም ጉዳቱ ስለሚመሳሰል ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። ከእነዚህ ውስጥ መዳብን የመሰሉት በጥቂቱ ለሰውነት ያስፈልጋሉ። እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ግን ለሰውነት ምንም ጥቅም የላቸውም።

«ብረት እንዴት ውሃ ውስጥ ይገባል? ቢገባስ ከሥር አይዘቅጥም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጨውን አስቡ። አንድ ማንኪያ ጨው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ብታማስሉት ይጠፋል። ዓይን አያየውም፤ በነጠላ ብታጠሉት አይቀርም፤ ቢያድርም አይዘቅጥም። ግን እዚያው አለ። ብረትም እንዲሁ እጅግ ጥቃቅን ሆኖ በውሃ ውስጥ ይሟሟል። እንዲህ የሟሟው ቅንጣት የኤሌክትሪክ ጉልበት ያዘለ ስለሆነ ኬሚስቶች «አዮን» ይሉታል። ጨውን ምላሳችን ይለየዋል። በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ወይም አርሰኒክ ግን ጣዕም፣ ሽታም ሆነ ቀለም የለውም።

መጠኑም ለማመን የሚያስቸግር ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው ወሰን ለእርሳስም ለአርሰኒክም በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ለካድሚየም 0.003 ሚሊግራም ነው። ይህ ማለት በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 0.2 ሚሊግራም እርሳስ ካለ ወሰኑ ላይ ተደርሷል ማለት ነው። ይህም የጥቂት የጨው ቅንጣቶች ክብደት ነው።

ማፍላት ለምን አይበቃም?

ጀርም ሕይወት አለው። ስለዚህ እሳት ይገድለዋል፤ ክሎሪን ይገድለዋል፤ በጠራ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲውልም ይሞታል። ብረት ግን ሕይወት የለውም። ሕይወት የሌለውን ነገር መግደል አይቻልም። ውሃ ሲፈላ በእንፋሎት የሚወጣው ውሃው ብቻ ነው፤ ብረቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። አምስት ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አራት ሊትር ቢቀር፣ በአምስቱ ሊትር ውስጥ የነበረው ብረት በሙሉ ወደ አራቱ ተጠቃሏል ማለት ነው። ስለዚህ ማፍላት በብረት በኩል ውሃውን ያከፋዋል እንጂ አያሻሽለውም።

ይህን ስል ግን ክሎሪን ይቅር፣ ማፍላት ይቅር ማለቴ አይደለም። በደንብ ስሙኝ። ኮሌራ ሰውን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በውሃ ውስጥ ያለ ጥቂት ብረት የሚጎዳው በወራትና በዓመታት ነው። ስለዚህ ጀርምን መከላከል ምንጊዜም ይቀድማል። የምለው ሁለቱ የተለያዩ ጠላቶች ስለሆኑ መከላከያቸውም የተለያየ ነው። ጀርምን እንገድላለን፤ ብረትን ግን መያዝ አለብን።

በሰውነት ላይ ምን ያደርሳል?

እርሳስ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። የሕፃን ሰውነት በምግብና በውሃ የገባለትን እርሳስ ከአዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 ጊዜ በሚበልጥ መጠን ይመጥጣል። እርሳሱ አንጎልን ይጎዳል፤ ልጁ ትምህርት አልገባው ይላል፤ ደሙ ያንሳል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ይደርቅበታል። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥና ሞት ያመጣል። በነፍሰ ጡር እናት ላይ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስተምራል። በአይረንና በካልሲየም እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ እርሳስን ይበልጥ ይመጥጣል። በካምፕ ውስጥ ይህ ሊያሳስበን የሚገባውም ለዚህ ነው።

አርሰኒክ ለዓመታት ሲጠጣ በቆዳ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የእጅ መዳፍንና የእግርን ውስጥ ያጠነክራል፤ በመጨረሻም የቆዳ፣ የፊኛና የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል። ሜርኩሪ ነርቭንና አንጎልን ይጎዳል።

ከየት ይመጣል?

አንዳንዴ ከመሬቱ ራሱ ይመጣል። የባንግላዴሽን ታሪክ ልንገራችሁ። በዚያ አገር ሕዝቡ ከኩሬና ከወንዝ እየጠጣ በተቅማጥ ሲያልቅ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው ጥርት ያለ፣ ከጀርም የጸዳ ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከብዙዎቹ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ከምድር ውስጥ ዐለትና ደለል የመጣ አርሰኒክ እንዳለበት ታወቀ። ውሃው ጠርቷል ማለት ንጹሕ ነው ማለት አለመሆኑን ዓለም ከዚያ ተማረ።

አንዳንዴ ደግሞ ከሰው ሥራ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ የአቃቂን ወንዞች ታውቃላችሁ። የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ይገባባቸዋል፤ በዚያው ውሃ ደግሞ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል። ተመራማሪዎች በውሃውም በአትክልቱም ውስጥ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሞጆን የምታውቁም የቆዳ ፋብሪካዎቹን ታስታውሳላችሁ። ቆዳ በክሮሚየም ስለሚለፋ ፍሳሹ በሚገባ ካልታከመ ክሮሚየም ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ የሞጆ ወንዝ ደግሞ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል።

ጅቡቲም የራሷ ታሪክ አላት። በ2002 መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ አገር ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ሊያልፍ የነበረ ኬሚካል በጅቡቲ ወደብ ላይ ከዕቃው ሾልኮ ፈሰሰ። ኬሚካሉ የእንጨት ምሰሶ በምስጥና በእርጥበት እንዳይበላ የሚቀባ ነበር። በውስጡ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ክሮሚየም፣ መዳብና አርሰኒክ ናቸው። የተያዘበት የፕላስቲክ ዕቃ ለእንዲህ ያለ መርዝ የሚበቃ አልነበረም። ኮንቴይነሮቹና በሥራቸው የነበረው አፈር ተበከሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) አደጋውን ለዓለም አሳወቀ። ይህን መርዝ በውሃ አጥቦ ማጥፋት አይቻልም፤ ቢታጠብ ወደ ባሕርና ወደ ምድር ውሃ ይሄዳል። ቢቃጠልም ብረቱ በአመድና በጭስ ይቀራል። መሰብሰብና መወገድ አለበት።

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን ትምህርት አለ። በወደብ ከተማ ውስጥ ባዶ በርሜልና ባዶ ጀሪካን በርካሽ ይሸጣል። ከውስጡ ምን እንደነበረ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። የቀለም፣ የፀረ ተባይ፣ የባትሪ አሲድ ወይም የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት ፕላስቲክ መርዙን ወደ ግድግዳው ይመጥጣል፤ በሳሙናና በአሸዋ ብታሹትም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ውሃ ሲገባበት በሙቀት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ከቦኖው ንጹሕ የነበረው ውሃ በዕቃው ይበከላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። የመኪናና የሶላር ባትሪ በውስጡ ብዙ ኪሎ እርሳስ አለው። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ሰዎች አሮጌ ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን አውጥተው ይሸጡ ነበር። አፈሩና አቧራው በእርሳስ ተበከለ። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። ስለዚህ አሮጌ ባትሪ በግቢ ውስጥ አይሰበር፤ አሲዱም በውሃ መቅጃና በጉድጓድ አካባቢ አይደፋ።

ሦስተኛው ድስት ነው። ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በእጅ የተሠራ የአልሙኒየም ድስት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በተለይ ሎሚ ወይም ቲማቲም የገባበት ምግብ ሲበስልበት ብረቱን ይስባል። ውሃን በእንዲህ ያለ ድስት ውስጥ አታሳድሩ።

ሰው ሠራሽ ፖሊመር ብረትን እንዴት ይይዛል?

አሁን ወደ ማሽላዋ ፍሬ እንምጣ። በማጣሪያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፍሬ «ሬዚን» ትባላለች። ሬዚን ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጥጥና ፀጉር የተፈጥሮ ፖሊመሮች ናቸው። ፕላስቲክና ናይሎን ሰው ሠራሽ ናቸው። አብዛኛው ሬዚን የሚሠራው ከፖሊስታይሪን ነው፤ ይህም ምግብ ከሚሸጥበት ነጭ የፎም ዕቃ ጋር አንድ ዘመድ ነው።

በ1935 ሁለት የእንግሊዝ ኬሚስቶች፣ አዳምስና ሆልምስ፣ ሰው ሠራሽ ሬዚን በውሃ ውስጥ ያለውን አዮን መለዋወጥ እንደሚችል አሳዩ። ሥራው የተጀመረው የተፈጨ የሙዚቃ ሸክላ ይህን ጠባይ ሲያሳይ ከታየ በኋላ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሬዚን በፋብሪካዎች፣ በሆስፒታሎችና በውሃ ማጣሪያዎች ሁሉ ይሠራበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዷን ፍሬ እንደ አንድ ሚኒባስ አስቧት። በውስጧ እጅግ ብዙ ወንበሮች አሏት። መጀመሪያ በወንበሮቹ ላይ የተቀመጠው ሶዲየም ነው፤ ይኸውም ከጨው ውስጥ የምናውቀው ነው። እርሳስ ያለበት ውሃ በፍሬዋ ውስጥ ሲያልፍ፣ እርሳሱ ወንበሩን አጥብቆ የመያዝ ኃይል ስላለው ሶዲየሙን አስነሥቶ ይቀመጣል። ሶዲየሙ ወርዶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። እርሳሱ ፍሬዋ ውስጥ ይቀራል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ «አዮን ለዋጭ ሬዚን» ይባላል። ብረቱ አልሞተም፤ ቦታ ተለወጠ እንጂ።

እዚህ ላይ አራት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ወንበር ሲሞላ ተሳፋሪ አይጭንም። ሬዚኑ ከሞላ በኋላ ብረቱ እንዲሁ ያልፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሬዚን ግን እንደ ወረቀት አይደለም፤ ሲሞላ የያዘውን መልሶ ሊለቅ ይችላል። አንድ ማጣሪያ ለ150 ሊትር ያህል የተሠራ ከሆነና ቤተሰባችሁ በቀን 15 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ በ10 ቀን ያልቃል። መሙላቱንም ዓይን አይለየውም፤ ውሃው እንደ ጠራ ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ ጨዋማ ውሃ ሬዚኑን ቶሎ ይሞላዋል። የጅቡቲ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ጨውና ካልሲየም የበዛበት መሆኑን የምትጠጡት እናንተ ታውቁታላችሁ። ብዙ ተሳፋሪ በሩ ላይ ሲጋፋ ጥቂቱ እርሳስ ወንበር ያጣል። ለዚህ ሲባል ኬሚስቶች ከባድ ብረቶችን መርጦ የሚይዝ ልዩ ሬዚን ሠርተዋል። ብረቱን እንደ ሸርጣን በሁለት ጥፍር ቆንጥጦ ስለሚይዝ ስሙን ራሱ ከሸርጣን ጥፍር አግኝቷል፤ «ኪሌት» ይባላል። እንዲህ ያለው ሬዚን በብዛት የሚገኘው በፋብሪካ ፍሳሽ ማከሚያ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ዓይነት ሬዚን ሁሉን አይዝም። እርሳስ፣ ካድሚየምና መዳብ በውሃ ውስጥ አዎንታዊ ጉልበት አላቸው። አርሰኒክና መርዘኛው የክሮሚየም ዓይነት ግን በአብዛኛው ከኦክስጅን ጋር ተጣምረው አሉታዊ ጉልበት ይይዛሉ። ለመጀመሪያዎቹ የተሠራው ወንበር ለኋለኞቹ አይሆንም። በወደባችን ላይ የፈሰሰውን ያንን ኬሚካል አስታውሱ። መዳቡን ለመያዝ አንድ ዓይነት ሬዚን፣ አርሰኒኩንና ክሮሚየሙን ለመያዝ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል። «ማንኛውንም መርዝ ያወጣል» የሚላችሁ ነጋዴ ከዚህ በመነሣት እውነቱን እንዳልነገራችሁ ዕወቁ።

አራተኛ፣ ሬዚን ጀርም አይገድልም። ይህ ከሁሉ የበለጠ ነው። በብዙ የቤት ማጣሪያዎች ውስጥ ከሬዚኑ ጋር የተቀላቀለ ከሰል አለ። ከሰሉ በቦኖ ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪን ይወስደዋል። ውሃው ሲጣፍጥ «ጸዳ» እንላለን፤ ነገር ግን ጠባቂው ተወስዶበታል። በእኛ አገር ሙቀት እንዲህ ያለ ውሃ በሳሎን ቢያድር፣ ወይም ልጅ እጁን ቢነክርበት፣ ጀርም ይራባበታል። እርጥቡ ማጣሪያ ራሱ የጀርም መራቢያ ይሆናል። እርሳስ በሌለበት ውሃ ላይ ማጣሪያ ገዝታችሁ ክሎሪኑን ብታወጡ ያልነበረ በሽታ በገንዘባችሁ ገዛችሁ ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። «ፕላስቲክ ብረት የሚይዝ ከሆነ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ውሃ ውስጥ ልጨምር» የሚል እንዳይኖር። ተራ ፕላስቲክ ወንበር የለውም። ወንበሩ የሚሠራበት በፋብሪካ ውስጥ በጠንካራ አሲድ ከታከመ በኋላ ነው። የሞላ ሬዚንንም በሆምጣጤ ወይም በጨው አጥባችሁ ውሃውን ደጅ አትድፉ፤ የተያዘው ብረት ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ያለቀ ማጣሪያ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም።

የዶራሌው ማጣሪያስ?

በጅቡቲ ከተማ ያላችሁ ከሰው ሠራሽ ፖሊመር ጋር ሳታውቁት ተዋውቃችኋል። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የኖረችው ጨውነቱ እየጨመረ በሄደ የጉድጓድ ውሃ ነው። በ2017 ከኢትዮጵያ፣ ከሽንሌ አካባቢ ከሐዳጋላ ጉድጓዶች ውሃ የሚያመጣ ረጅም ቧንቧ ተመረቀ። በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውሃን ጨው የሚያወጣ ጣቢያ ተመረቀ፤ በአውሮፓ ኅብረት እርዳታ የተሠራና በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያመርት የታቀደ ነው።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ውሃው በኃይለኛ ፓምፕ ተገፍቶ በስስ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ግፊቱ ከመኪና ጎማ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከፖሊአሚድ ነው፤ እርሱም የናይሎን ዘመድ የሆነ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። ውሃው ያልፋል፤ ጨውና አብዛኛው ከባድ ብረት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ እንደ ሬዚን ወንበር የሚሞላ ሳይሆን በር ላይ ቆሞ የሚመልስ ዘበኛ ነው። ግን ብዙ መብራትና የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የተመለሰውም ጨው መሄጃ ያስፈልገዋል። በየቤቱ የሚሠራ ሳይሆን በመንግሥትና በትልቅ ድርጅት የሚሠራ ነው።

ከጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃም በአሮጌ ቧንቧና በመጥፎ ዕቃ ውስጥ ሊበከል እንደሚችል አትርሱ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ብረት ከውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣቱ ውድና አስቸጋሪ ነው። እንዳይገባ መከልከሉ ግን በእጃችን ያለ ነው።

1. ለውሃ የሚሆነው ለውሃ ተብሎ የተሰጠ ወይም የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ነው። ምን እንደነበረበት የማታውቁትን፣ የራስ ቅል ምልክት ያለበትን ወይም የኬሚካል ሽታ ያለውን ዕቃ ለመጠጥም ለእህልም አትጠቀሙበት። በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባም ቀዳችሁ ጣሉት።

2. አሮጌ ባትሪ ከልጆች፣ ከማድ ቤትና ከውሃ ይራቅ። የባትሪ ድንጋይም እሳት ውስጥ አይጣል።

3. ከብረት ቧንቧ ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን የመጀመሪያውን ውሃ ለመጠጥ አትቅዱ። ውሃ ውድ ስለሆነ አትድፉት፤ ለልብስና ለወለል አድርጉት። ቀጥሎ የሚመጣው ለመጠጥ ይሁን።

4. ለመጠጥ ውሃ ክሎሪን መጠቀማችሁን አታቋርጡ። ጀሪካኑ ክዳን ይኑረው።

5. ልጆች በተቻለ መጠን ምስርና ባቄላ፣ አረንጓዴ ቅጠልና ወተት ያግኙ። ሆዱ ባዶ የሆነና ደም ያነሰው ልጅ እርሳስን ይበልጥ ይመጥጣል። እናቶች ጡት ማጥባታችሁን ቀጥሉ።

6. ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የትኛውን ብረት ነው የሚይዘው? ለስንት ሊትር ያገለግላል? የሚለወጠው ክፍል የት ይገኛል፣ ዋጋውስ ስንት ነው? ሦስቱንም የማይመልስ ሻጭ ገንዘባችሁን አይውሰድ። ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ «ይኸው መርዝ» ቢላችሁም አትደንግጡ። ያች መለኪያ የምትቆጥረው ጠቅላላውን ጨው ነው። ለእርሳስ የተሰጠው ወሰን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ልትለየው አትችልም።

7. ማጣሪያ ያላችሁ ደግሞ በተነገረው ጊዜ ለውጡት፤ የተጣራውን ውሃ በዚያው ቀን ጠጡት። ለማሳደር ካሰባችሁ ስለ ክሎሪን መጠን የጤና ሠራተኛ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ውሃው ይመርመር። የውሃ ሠራተኞች በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጽላት ጨምረው ውሃው ሮዝ ሲሆን አይታችኋል። ያ የክሎሪን ምርመራ ነው፤ ስለ ብረት አይናገርም። የብረት ምርመራ በላቦራቶሪ ይደረጋል። የውሃ ኮሚቴያችሁን በአክብሮት እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ «የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ለአርሰኒክና ለእርሳስ የተመረመረው መቼ ነው? ውጤቱስ ስንት ነበር? እንደገና የሚመረመረው መቼ ነው?» ይህ የማንም ክስ አይደለም፤ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። አንድ ጉድጓድ ብረት ከተገኘበት መፍትሔው እያንዳንዱ ቤት ማጣሪያ መግዛቱ አይደለም። ጉድጓዱ ይለወጣል፣ ከሌላ ውሃ ጋር ይደባለቃል ወይም ለዚያ ብረት የተመረጠ ማጣሪያ በምንጩ ላይ ይተከላል። አንድ ሰው ጠይቆ ዝም ቢባል ኮሚቴው በስብሰባ ይጠየቅ።

ልጃችሁ ደሙ አንሶ፣ ሆዱን እየቆረጠው፣ ከፊት ይልቅ ፈዞ ካያችሁት ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የምግብ እጥረት፣ ወባ ወይም የሆድ ትል ይሆናል። ቢሆንም ቤት ውስጥ ባትሪ ይሰበር እንደሆነ፣ ውሃ በምን ዕቃ እንደምታስቀምጡ ሳትደብቁ ንገሩን። ማንም አይወቅሳችሁም። የማይነገረንን ነገር በማዳመጫ አንሰማውም።

እንግዲህ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልሱ ይህ ነው። ውሃ ማፍላት ለጀርም ጥሩ ነው፤ ለብረት አይሆንም። ማሽላ የመሰለችው ፍሬ እውነተኛ ሥራ ትሠራለች፤ ነገር ግን የተመረመረ ውሃ፣ የታወቀ ብረትና በጊዜው የሚለወጥ ማጣሪያ ሲኖር ነው። ውሃው ሳይመረመር ማጣሪያ ለመግዛት ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ በቅድሚያ ለንጹሕ ባለ ክዳን ጀሪካንና ለልጆቻችሁ ምግብ አውሉት።

ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።